ጫማሽ ወደ መንገዱ

ውድ ትርንጎዬ፣

ከተለየሽኝ አርባ ቀን ሊሞላ ነው፤ እኔ ግን አሁንም አርብ በመጣ ቁጥር ከምትሠሪበት ከማዳምሽ ቤት የምትመጪ ይመስለኛል። እዚህ ሳዑዲ፣ አቡ ዓሪሽ፣ ሙቀቱ ብሷል። የምሠራበት እርሻ ላይ የማንጎ ለቀማ ተጀምሯል። መስኮታችን ላይ የሰቀልሽውን መጋረጃ ፀሐይ በልቶታል፤ አላወረድኩትም።

የምጽፍልሽ ተናድጄ ነው። ያ የምትወጂው የንባብ ቡድናችን ጉድ አፍልቷል። በስልክ የሚላከውን ታሪክ ሳህን እያጠባችሁ በአንድ ጆሯችሁ ስታዳምጡ፣ መጨረሻ ላይ የቡድኑ ታላቅ እትዬ ብርቄ ትርጉሙን ተናግረው «ኸላስ፣ አለቀ» ሲሉ ነገሩ ያልቅ የለም? አላለቀም የምትዪው አንቺ ብቻ ነበርሽ። አሁን ተራው የራስሽ ጽሑፍ ሆነ።

አሽ-ሹቀይቅ ባሕር ዳር ስለቆመችው ሠራተኛ የጻፍሽውን ታሪክ ማለቴ ነው። የመጨረሻውን መስመር ሁሉም በቃሉ ይዞታል፦ «ጫማዋን አወለቀች፤ ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረችና ውኃው ውስጥ ገባች።» ጥቂት ቆይቶ አንቺም ከማዳምሽ ልጆች ጋር ለመዝናናት እንደሄድሽ በዚያው ባሕር ቀረሽ። የፖሊስ ጣቢያው ሹርጣዎች ድንገት ሰጥማ ነው ብለው ፋይሉን ዘጉት። ቡድኑ ግን አልዘጋውም፤ ታሪኩን ያንቺ ኑዛዜ አደረገው። ጫማው አገሩ ይግባ፣ እኔ እዚሁ ልቅር ማለቷ ነው፤ ስንብት ነው፤ አውቃ ነው የገባችው አሉ። ሁሉም ተስማሙ። እያለቀሱ ነው የተስማሙት፣ ክፋት የለባቸውም። እሱ ነው የባሰ የሚያናድደኝ።

እኔ ብቻዬን አይደለም አልኩ። የሰው ቤት ስትገቢ ጫማሽን ወደ ውጭ አዙረሽ ነበር የምታወልቂው፣ ስትወጪ ቶሎ እንድታጠልቂው። ሊያባርሩሽ ነው እንዴ እያልኩ ስንቴ ስቄብሻለሁ! ሴትዮዋ ጫማዋን ያዞረችው ልትመለስ ነው። እትዬ ብርቄ ግን ባሏ ስለሆንክ ነው እንደዚያ የምታነበው አሉኝ። እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። ጫማሽን ከባሕሩ ዳር አንሥቶ ያመጣልኝን የማዳምሽን ሾፌር ወዴት ዞሮ ነበር ብዬ ጠየቅኩት፤ አላስተዋልኩም አለኝ።

ይባስ ብለው ታሪኩን ከነትርጉሙ በድምፅ ቀድተው፣ ለተዝካርሽ እንዲደርስ አገር ቤት ላሉት እናትሽ ሊልኩ ተነሡ። ሰፈሩ አንዴ ራሷን አጠፋች ካለ ጸሎቱም ያከራክራል፣ እማማም ቀና ብለው አይሄዱም። ስለዚህ ቀደምኳቸው። ትናንት ደውዬ ታሪክሽን ራሴ አነበብኩላቸው፣ ምንም ትርጉም ሳልጨምር። ስጨርስ ምን ይሉኝ ይሆን ብዬ ፈራሁ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ «ታዲያ ወጥታ አጠለቀችው?» አሉኝ።

ጽሑፉ እዚያ ላይ ያልቃል አልኳቸው። ጥያቄያቸውን ለቡድኑ ላክሁት። እስካሁን ኸላስ ያለ የለም።

ጫማሽ በራችን አጠገብ ነው፤ ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሬዋለሁ። ሌላው እንደተስማማው ያንብብሽ። እኔ ግን በሕይወት እስካለሁ የማስታውስሽ ልትመለሺ እንደገባሽ ነው።

ባልሽ