ሚጢ ቃል እየጣለች ነው

ውድ እህቴ፣

ይህን ወረቀት ወደ ካምፓችሁ ሲሚንቶ ለሚያመላልሰው ሾፌር እሰጠዋለሁ። ስልክሽ አይሠራም፤ ቢሠራም ይሄን በስልክ የምናገርበት አንደበት የለኝም። እናታችን ደግሞ እንዳልነግርሽ አፌን ለጉማኝ ከርማለች። መንገዱን ቀይሳ ሳትጨርስ ጥላው ትመጣለች፣ እንጀራዋን ታጣለች ብላ።

ልጅሽን ሚጢን ስትተዪልኝ እንዴት ያለች ወሬኛ እንደነበረች ታውቂያለሽ። እኔ ስሰፋ እሷ ከስፌት መኪናው አጠገብ ቁጭ ብላ ክር ያለቀባቸውን ማጠንጠኛዎች እላይ በላይ ትደረድራለች። «ሊወድቅ ነው... ሊወድቅ ነው...» ስላት ዓይን ዓይኔን እያየች ትጠብቅና «ወደቀ!» ብላ ትንደዋለች። ሳጥባት «እግር የታለች?» እላለሁ፤ ከሳፋው ውስጥ አውጥታ «እግር!» ትለኛለች፣ ፊቴን በውሃ እየረጨች። ካልሲው፣ ኩባያው፣ በሩ፣ ሁሉም ስም ነበረው።

መጀመሪያ የጠፋው «ወደቀ» ነው። ደርድራ ጠበቀችኝ፤ የእኔን ድርሻ ተናገርኩ፤ እሷ ግን ዝም። ያኮረፈች መስሎኝ ሳቅሁ። ከዚያ «እግር» ጠፋ። ደጋግሜ ስጠይቃት የማታውቀውን ቋንቋ የማወራ ይመስል አፌን አፌን ታያለች። ጥርስ ነው አልኩ፣ ጉንፋን ነው አልኩ፣ ናፍቆትሽ ነው አልኩ። ውስጤ ግን አላመነኝም።

አንድ ጠዋት ሸሚዟን ሳለብሳት እጇ እጅጌው ውስጥ እንደገባ ቆመ። ዓይኗ ተከፍቷል፣ ሽፋሽፍቷ ይርገበገባል፣ እሷ ግን የለችም። ጠራኋት። ጉንጯን ነካሁት። ከዚያ ምንም እንዳልሆነ ተመልሳ እጇን አወጣች። ከዚያ ወዲህ ስሰፋ ድምፅዋ ሲቋረጥ መኪናውን አቁሜ ጎንበስ ብዬ አያታለሁ።

እናታችን ስነግራት ተቆጣች። የሚጢ አባትም፣ ነፍሱን ይማርና፣ ሐሳብ ይዞት ጭልጥ ይል ነበር አለችኝ። እኔም የልብስ ቁልፍ ልገዛ ነው ብዬ ክሊኒክ ወሰድኳት።

ሐኪሟ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ኩባያና ኳስ ይዛ ብዙ አጫወተቻት። ድሮ ትለው የነበረውንና አሁን የማትለውን ንገሪኝ አለችኝ። ስዘረዝርላት ነው የገባኝ፤ አንድ አንድ ቃል እያልን እየቀበርናት ነበር።

«የሚጥል በሽታ ሁልጊዜ መሬት ላይ አይጥልም» አለችኝ። «ይሄኛው ዝም ብሎ ይመጣል። ንግግሯን የሚወስደው እሱ ሳይሆን አይቀርም።»

«የሄደው ይመለሳል?»

«ቶሎ ከታከመች ተስፋ አለ። እርግጠኛ ሆኜ ግን ልነግርሽ አልችልም።»

ወደ ትልቁ ሆስፒታል ጻፈችልን። የጭንቅላት ምርመራ አለ፤ እዚያ ደግሞ ወላጅ ካልፈረመ አይጀምሩም። እስከዚያ ድረስ ጨዋታውን እንዳናቋርጥባት አጥብቃ ነገረችኝ። ስናጥባት፣ ስናለብሳት፣ ስናበላት እንድናወራት፣ መልስ ባትሰጥም ተራዋን ዝም ብለን እንድንጠብቅላት። እየጠበቅኩ ነው፣ እህቴ። ጠይቄ ዝም እላለሁ፤ ውሃው ሳፋው ውስጥ ይቀዘቅዛል። እንደገና እጠይቃለሁ።

ትላንት ምሳ ያበላቻት እናታችን ናት። ማንኪያውን ወደ አፏ ስታስጠጋ ሚጢ እዚያው ድርቅ አለች። ምግቡ በከንፈሯ ጠርዝ ወረደ። እናታችን በስሟ ጠራቻት፣ እጇን ይዛ ነቀነቀቻት። ሚጢ ስትመለስ ግን አያቷን እንደማታውቃት ሰው አየቻት፣ ፈርታ ወደ እኔ ሸሸች። እናታችን ማንኪያውን አስቀመጠች። ከዚያ ፊቷን ሳታዞር «ጻፊላት» አለችኝ። እስካሁንም ከክፍሏ አልወጣችም።

ቀጠሮው ሰኞ ነው። ሾፌሩን ለምኜዋለሁ፤ ሲሚንቶውን እንዳራገፈ ይዞሽ ይመለሳል። አለቆችሽ ምንም ቢሉሽ፣ መንገዱ ሌላ ቀያሽ አያጣም።

ከቃላቷ ሁሉ አሁን የቀራት «እማ» ብቻ ነው። በር ሲንኳኳ ወደዚያ ዞራ ትለው ነበር። ዛሬ ጠዋት ጎረቤት አንኳኳች። ሚጢ ዞረች፣ ከንፈሯን ገጠመች፣ ቃሉን ፈለገችው፤ ከዚያ ተወችውና ጀርባዋን ሰጠች።

ይሄም ቃል ሳይሄድ ድረሽ።

እህትሽ