ከፎቶዬ ሥር የተጻፈው

ኅዳር 8፣ ሰኞ፣ ከሰዓት

ከትምህርት ቤቱ የመረጃ ማጣሪያ ክበብ አሁን መግባቴ። ዛሬ የተቃጠለ ሚኒባስ ፎቶ ስናጣራ ነበር። ቴሌግራም ላይ «ትናንት፣ ሸርቆሌ መንገድ» እያሉ ያዞሩታል፤ ሰው መንገድ መውጣት ፈርቷል። ሃዋ የ11ኛ ክፍል ተማሪዬ ናት፣ ችኩል። ምንጩን አገኘችው፤ የሌላ አገር ፎቶ፣ የቆየ። የመስመሩ ሹፌር ጋም ደወልን። ጠዋት በዚያው አልፏል፣ ሰላም ነው። በስሜ «ሐሰት ነው» ብዬ ፖስት አደረግኩ። ደስ ብሎኛል፣ ማስታወሻዬ።

ኅዳር 9፣ ማክሰኞ

ፎቶዬን ቴሌግራም ላይ አወጡት። ከሥሩ፦ «ሬሳ የምትደብቅ መምህርት። ተከፍሏት ነው። ከየት እንደመጣች ጠይቁ።» ሼር ካደረጉት መካከል ሻይ አብሮኝ የሚጠጣ ባልደረባዬ አለ።

ኅዳር 10፣ ረቡዕ

ር/መምህሩ አስጠሩኝ። ፖስቱ ይነሳ፣ ክበቡ ይቁም፣ ነገሩ ይብረድ፣ አሉኝ። ባነሳው ጥፋቷን አመነች ይሉኛል። ብተወውስ? ገበያ ላይ አንዱ በጣቱ ጠቆመኝ። ቤት ገባሁ፣ በሩን ቆለፍኩ።

እማዬ ከደብረ ማርቆስ ደወለች። አይታዋለች።

«እውነት ነው እንዴ ልጄ?»

እናቴ! ስልኩን ዘጋሁባት። ከዚያ አለቀስኩ።

ኅዳር 11፣ ሐሙስ

አልወጣሁም። አከራዬ ወ/ሮ ዘይነባ ገንፎ አመጣችልኝ፤ ቤርታ ናት፣ ለወንዱም ለሴቱም «አንተ» ነው የምትለው። ዛሬ አይወጣም፣ አለችኝ።

ሃዋ መጣች። የሚኒባሱን ፎቶ ምንጭ እንዴት እንዳገኘችው በራሷ ስም ልትጽፍ ነው። ከለከልኳት። እኔ ላይ የመጣው አንቺም ላይ ይመጣል፣ አልኳት።

«ታዲያ ቲቸር፣ ለምን አስተማሩን?»

ሳትሰናበተኝ ሄደች።

ኅዳር 12፣ ዓርብ፣ ጠዋት

ትናንት ማታ ለር/መምህሩ ደወልኩ። ፖስቱን አላነሳም፣ አልኳቸው። ሃዋ አትጽፍም፤ እኔ እጽፋለሁ። እንዴት እንዳጣራነው አንድ በአንድ፣ ማንም በስልኩ እንዲሞክረው። በራስሽ ኃላፊነት፣ አሉ። በራሴ።

ጻፍኩት። ለቀቅኩት። ስድብ ጀምሯል። አንድ ሰው ግን ሞክሬዋለሁ፣ እውነቷን ነው ብሏል። አንድ ሰው።

የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ የኔ ነው። እሄዳለሁ። ወ/ሮ ዘይነባ ተቆጣች፤ እምቢ ስላት ሻሿን አሰረች።

«ብቻህን አይሄድም።»

በር ላይ ቆማ ትጠራኛለች። መጣሁ፣ መጣሁ።