በሣር ላይ የቀዘፍነው ታንኳ

ውድ ወንድሜ፣

እንዴት ነህ ብዬ አልጀምርም፤ እሱን እማዬ አጣርታለች። በአሥራ አንድ ወር ውስጥ የላክህላት «ደህና ነኝ» የምትል ባለ ሁለት ቃል መልእክት እንደ መድኃኒት በቀን ሦስት ጊዜ ትነበባለች፤ ከምግብ በፊት። እኔ ስደውል ድምፄን እንደሰማህ ስለምትዘጋው ወደ ወረቀት ዞርኩ። ወረቀት ቢወረወር እንኳ ወለሉ ላይ ተኝቶ ይጠብቅሃል። አድራሻህን ከእማዬ ቦርሳ ሰርቄ ነው ያገኘሁት፤ ከምነግርህ ነገር ጋር ሲተያይ ይህ ስርቆት ጽድቅ ነው።

የምጽፍልህ ሳሎን ውስጥ፣ መሬት ላይ፣ በድንኳኑና በጋዝ ምድጃው መካከል ቁጭ ብዬ ነው። የጉዞ ዕቃ የሚደረደርበት ነጩ አንሶላ ከተነጠፈ ሰንብቷል። ገመዱ፣ ድስቶቹ፣ የመኝታ ከረጢቶቹ፣ የታሸገው ዓሣ፣ ሁሉም አባዬ እንደደረደራቸው ናቸው። እማዬ የተማሪዎቿን ደብተር ታቅፋ በላያቸው ተራምዳ ታልፋለች፤ «አንሱት» አትልም። አባዬም አያነሳም። የሞተ ሰው ዕቃ ነው የሚመስለው። ማንም አልሞተም። ግን ለጉዞው ሦስት ቀን ነበር የቀረን።

ነገሩ የጀመረው በእራት ሰዓት ነው። አባዬ ማንኪያውን አስቀመጠና «ዘንድሮም ወንዙን እንወርዳለን፤ ስድስት ቀን» አለ። አንተ ከሄድክ በኋላ በቤታችን ወንዝ የሚል ቃል ተነስቶ አያውቅም ነበር። የእማዬ ቀይ እስክሪብቶ እጇ ላይ ቀረ።

«ከማን ጋር?»

«ልጅቷ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። ልብስ ሰፊው ከመሃል።»

«ልብስ ሰፊው ዋና ይችላል እንዴ?»

«ጃኬት ይለብሳል» አለ አባዬ፣ ጥያቄው እንደተመለሰ ሁሉ።

ጋሼ ልብስ ሰፊውን ታውቃቸዋለህ። ውሃ የማያስገቡ ከረጢቶቻችንን ሁሉ የሰፉልን እሳቸው ናቸው፤ ራሳቸው ግን ከእግር ማጠቢያ ሳፋ የጠለቀ ውሃ ውስጥ ገብተው አያውቁም። የነፍስ አድን ጃኬቱ ሆዳቸው ላይ አልገጥም ሲላቸው ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ጎንና ጎኑን ተርትረው የሱሪ ጨርቅ ቀጠሉበት። «አሁን ልክ ሆነ» አሉ፣ መስታወት ፊት እየተሽከረከሩ። ለጉዞው ካመጡት ዕቃ ውስጥ ትራስ፣ ጃንጥላና ሁለት ክራቫት ነበረበት።

«ጋሼ፣ ክራቫቱ ለምንድን ነው?» አልኳቸው።

«ሰው ብናገኝስ?»

«እዚያ እኮ ሰው የለም።»

«ባይኖርስ? እኔ የለሁም?» አሉኝ ተቆጥተው።

ሳቅኩ። ቤታችን ውስጥ ከሳቅኩ ስንት ጊዜዬ ነበር መሰለህ። ስለዚህ ጉዞውን ወደድኩት። እውነቱን ልንገርህ፣ ከፊት መቀመጡንም ወደድኩት። ያንተ ቦታ ነበር።

የአባዬን ሥርዓት አልረሳኸውም። መጨረሻ ላይ የሚወጣው ዕቃ መጀመሪያ ይደረደራል። እያንዳንዱን ታቅፎ መታጠቢያ ቤት ያለው ሚዛን ላይ ይቆማል፤ ከዚያ የራሱን ክብደት ይቀንሳል። ዘንድሮ ሚዛኑን የማነበው እኔ ነበርኩ፤ «አንቺም ልመጂ» ብሎኝ ነው። በመጨረሻ ወረቀቱን ይዞ ይጠራል፣ እኛ «አለ» እንላለን። ልክ እንደ ክፍል ስም ጥሪ፤ ልዩነቱ ድስት አለመፎረፉ ነው።

እኔ ደግሞ ታውቀኛለህ፣ እጄ አያርፍም። ዝርዝሩን ከጠረጴዛው አንስቼ በቦታው የሒሳብ ፈተናዬን አስቀመጥኩ። ሠላሳ አራት ከመቶ ያመጣሁበትን ነው፤ የመምህሩ ቀይ ቀለም እንደ ነስር የፈሰሰበትን። አስቤው የነበረው አባዬ ሲያነሳው ክው ይላል፣ ጋሼ ይስቃሉ፣ እኔ ደግሞ በዚያው ፈተናዬን አሳይቼ እገላገላለሁ ነው።

አባዬ ወረቀቱን አነሳ። ራቅ አድርጎ ያዘው። ጉሮሮውን ጠረገ።

«ገመድ፣ ሃያ ሜትር።»

«አለ» አሉ ጋሼ።

«የእጅ መጥረቢያ፣ አንድ።»

«አለ።»

«ክብሪት፣ በላስቲክ የታሸገ፣ አራት።»

ፊቴን ትራስ ውስጥ ቀበርኩ፤ ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅኩ። እስከ መጨረሻው ጠራው። አንድም አልሳተም። ከዚያ ፈተናዬን በሥርዓት አራት ቦታ አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው። ያኔ ሳቄ ቀጥ አለ። ጋሼ «ምነው ልጄ፣ አመመሽ?» አሉኝ።

ማንም ሰው በዚህ ጊዜ አንድ ነገር ይላል። እኔ አላልኩም። ምናልባት አይቶ ዝም ብሎኝ ይሆናል አልኩ። ምናልባት አርጅቶ መነጽር ማድረግ አፍሮ ይሆናል አልኩ። ያየሁትን እንዳላየሁ መሆን አዲሴ አይደለም፤ አንተ ደግሞ ይህን ከማንም በላይ ታውቃለህ።

ቅዳሜ ልምምድ ሆነ። የምንለማመድበት ሐይቅ ሩቅ ስለሆነ አባዬ ታንኳውን ጓሮ አውጥቶ ሣሩ ላይ አስቀመጠው። ሦስታችን ገባንበት። አስበው፤ ሦስት ሰው፣ ጃኬት ለብሶ፣ መቅዘፊያ ይዞ፣ በደረቅ ሣር ላይ። ጎረቤታችን ባለ ጋራዡ በአጥሩ ላይ አንገቱን ብቅ አድርጎ «ውሃው ስንት ሰዓት ነው የሚለቀቀው?» አለን።

«ሥራህን ሥራ!» አሉት ጋሼ፤ ዓይናቸውን ግን ጨፍነው ነበር። ከአሁኑ አዙሯቸዋል።

አባዬ ሕጉን ደገመልኝ። ውሃው ሲያጓራ ድምፅ አይሰማም። ከፊት ያለው ሰው ቋጥኝ ሲያይ መቅዘፊያውን ሽቅብ አንስቶ መሄጃውን ያመለክታል። ከኋላ ያለው መሪ አይጠይቅም፤ ወደተጠቆመበት ያዞራል። በቃ።

ወደ ቀኝ አመለከትኩ። «ቀኝ! ጎበዝ!» አለ። ወደ ግራ አመለከትኩ። «ቀኝ! አየሽ፣ እጅሽ ተፍታታ!» አለ። ዞሬ አየሁት። ፊቱ በፈገግታ በርቷል። መቅዘፊያዬን ቀስ ብዬ ጭኔ ላይ አስተኛሁት። ምንም አላነሳሁም፤ እጆቼን አጣጥፌ ተቀመጥኩ።

«ግራ!» ብሎ ጮኸ አባዬ፣ ሣሩን በኃይል እየቀዘፈ። «እንደሱ ነው እንጂ! እንደሱ ግልጽ አድርጊልኝ!»

«ደረስን እንዴ?» አሉ ጋሼ፣ እንደጨፈኑ።

ወንድሜ፣ እዚያ ሣሩ ላይ ነው የሰጠምኩት።

እንግዲህ ስማኝ። አምና፣ በሦስተኛው ቀን፣ ወንዙ የሚታጠፍበት ቦታ። መሃል ነበርኩ፤ ከፊቴ ያንተ ጀርባ ብቻ ነበር። መቅዘፊያህን አነሳህ። ወደ ቀኝ ዘረጋኸው። እጅህ እስኪዝል ያዝከው። ጫፉ ላይ የነበረው ቢጫ ቀለም ሳይቀር አሁንም ይታየኛል። ታንኳው ወደ ግራ ሄደ፣ ቋጥኙ ላይ ወጣ፣ ተገለበጠ። እኔ ከሥሩ ገባሁ፤ በጸጉሬ ጎትተህ አወጣኸኝ።

ዳር ላይ ሆነን፣ ከሁለታችንም ውሃ እየተንጠባጠበ፣ አባዬ «ምልክት አልሰጠህም!» አለህ። «ሰጥቻለሁ!» አልክ። «ተኝተህ ነበር! እህትህን ልትገድላት ነበር!» ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «አንቺ መሃል ነበርሽ። መቅዘፊያውን አንስቷል?»

አንተ አየኸኝ። ምንም አልተጨነቅክም። እንዲያውም የተገላገልክ መሰልክ፤ እህቴ አለችልኝ ብለህ ነው።

ዓይኔን በጨው አጥቤ «አላየሁም» አልኩ።

ለአባዬ አድልቼ ነው ብለህ አስበሃል፤ አይደለም። ገና የሦስት ቀን ወንዝ ይቀረን ነበር። አንተ ልክ ከሆንክ አባዬ ተሳስቷል ማለት ነው። አባዬ ከተሳሳተ ደግሞ ከኋላችን ማን ነው የተቀመጠው? ማን ነው ወደ ቤት የሚወስደን? ፈራሁ። ከኋላ የተቀመጠው ሰው የሚያይ እንዲሆን ፈለግኩ፤ ስለዚህ አንተን የማታይ አደረግኩህ። ከዚያ ቤት ስንገባ አባዬ ታሪኩን ለዘመድ አዝማድ ሁሉ አወራው፤ በእያንዳንዱ ወሬ ያንተ እንቅልፍ እየረዘመ ሄደ። «አስተካክዪ» የሚለኝ ነገር በየቀኑ ጉሮሮዬ ድረስ ይመጣ ነበር። በየቀኑ ውጬዋለሁ። አንድ ጠዋት ስነቃ አልጋህ ተነጥፎ አገኘሁት። አንተ አልጋህን አንጥፈህ አታውቅም።

ሣሩ ላይ ልመልስህ። ሦስት ቀን ቀርቶናል፤ ከኋላ የማያይ መሪ፣ ከመሃል የሱሪ ጨርቅ በተቀጠለበት ጃኬት የሚተማመኑ ሽማግሌ። ዝም ብል ማን እንደሚሰጥም አውቃለሁ። ብናገር ደግሞ የአምናውንም መናገር ሊኖርብኝ ነው። ከታንኳው ወጣሁ።

«ምን ሆንሽ? ገና አልጨረስንም» አለ አባዬ።

«አባዬ፣ አሁን መቅዘፊያዬን አላነሳሁም።»

«አንስተሻል፤ ግራ…»

«ጭኔ ላይ ነው። አምና ወንድሜ አንስቶ ነበር። ወደ ቀኝ። አይቻለሁ።»

ጋሼ ዓይናቸውን ገለጡ። አንዴ እኔን፣ አንዴ እሱን አዩ። ከዚያ የጃኬታቸውን ማሰሪያ አንድ በአንድ መፍታት ጀመሩ። አባዬ መቅዘፊያውን እንደያዘ ቀረ።

«ያኔ ለምን አልተናገርሽም?» አለኝ በመጨረሻ።

«ፈርቼ።»

«አውቃለሁ» አለ። ድምፁ ቁጣ አልነበረበትም፤ ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር። «አንቺን የጠየቅኩሽ ምን እንደምትዪ ስለማውቅ ነው። መቅዘፊያውን ያንሳ አያንሳ አላየሁም ነበር። ከፊቴ ያየሁት ጭጋግ ነው።»

ጋሼ ከታንኳው ሲወጡ እግራቸው ተጠልፎ ሊወድቁ ነበር፤ ደገፍኳቸው። በሩ ጋ ሲደርሱ ዞር ብለው «አርባ ዓመት ወዳጄ ነህ» አሉት። ከዚያ ቀን ወዲህ አልመጡም። ትራሳቸውና ጃንጥላቸው አሁንም እዚህ አጠገቤ ናቸው።

እማዬ ሁሉንም ከኩሽና መስኮት ሰምታ ኖሯል። አልጮኸችም። ሰኞ ጠዋት አባዬን ክንዱን ይዛ ዓይን ሐኪም ቤት ወሰደችው፤ እኔም ተከተልኩ። ሐኪሟ ከተጀመረ ሦስት ዓመት ይሆነዋል አለች። የጠፋው መሃሉ ነው፤ ዳር ዳሩን ያያል። ለዚህ ነው ሳይደናቀፍ የሚሄደው፣ ለዚህ ነው ሁላችንንም ያታለለን። የቀረው እይታው እንዳይደክም ክትትል ያደርጋል እንጂ የሄደው አይመለስም። እማዬ ለእኔ እስካሁን ከ«ብዪ» እና «ተኚ» ሌላ ቃል አልተነፈሰችም። ይገባኛል።

ሐኪሟ ግን አንድ ነገር ጨመረች። አንድን ነገር በደንብ ማየት ሲፈልግ ዓይኑን ከዚያ ነገር ላይ ማንሳት አለበት አለች፤ ጎን ጎኑን ማየት አለበት። የመጨረሻ ቀን ለእማዬ ምን ብለህ እንደጮህክ ትዝ አለኝ። «ሳናግረው ግድግዳ ግድግዳውን ነው የሚያየው! አንድ ቀን እንኳ ፊቴን አይቶኝ ያውቃል?» ብለህ ነበር። ወንድሜ፣ ያኔ አባዬ እያየህ ነበር። እንደዚያ ነው የሚያየው።

ይህን ስልህ ንጹሕ ነው ማለቴ አይደለም። ዓይኑ እንደጨለመበት ያወቀ ሰው ልጆቹን ወንዝ ላይ ጭኖ ነድቷል፤ ጥፋቱንም አንተ ላይ ጥሏል። እኔም አሸክሜሃለሁ። ሁለታችን ተጋግዘን ነው ከቤት ያስወጣንህ። ይቅርታ የሚለው ቃል እዚህ ወረቀት ላይ ስጽፈው ያንሳል፤ ግን ሌላ ስለሌለኝ ይቅርታ።

ታሪኩን የሰሙትን ሁሉ በስም ጽፌ ይዣለሁ፤ አክስቶቻችንን፣ ጎረቤቶችን፣ ባለ ጋራዡን ሳይቀር። እየዞርኩ ነው። እስካሁን አምስት ቤት ነግሬያለሁ። ታላቅ አክስታችን በሩን ዘጋችብኝ፤ ነገ ተመልሼ አንኳኳለሁ።

ለአባዬ ልጽፍልህ እንደሆነ ነገርኩት። «ምን ልበልልህ?» አልኩት። ተነስቶ ጓሮ ወጣ። ስለዚህ ከእሱ የማደርስህ መልእክት የለኝም፤ ፈጥሬ ልጽፍልህም አልኩና ተውኩት። መዋሸት በቃኝ።

እማዬ ከትምህርት ቤት የምትመለሰው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው፤ ከዚያ በፊት ስልኩን የማነሳው እኔ ነኝ። ደውል። መጀመሪያ እኔን እስኪበቃህ ስደበኝ፤ አልዘጋም፣ አልመልስም፣ አልቀልድም። ስትጨርስ ስልኩን ለአባዬ እሰጠዋለሁ። ዝም ቢል አትዝጋው። ትንፋሹ ይሰማሃል።

ታናሽ እህትህ