ባትሪ ልገዛ ሄጄ

የካቲት 2፣ ሰኞ

አውሮፕላኑ አለቀ። ክንፉ ከሳሎኑ ግድግዳ እስከ ግድግዳ ሊደርስ ትንሽ ነው የቀረው። ልጄ ከሥራ ስትገባ ጎንበስ ብላ በሥሩ እያለፈች፣ "አባዬ፣ ከዚህ ቤት አንዳችን መውጣት አለብን፤ ወይ እሱ ወይ እኔ" አለችኝ። ፋርማሲ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ለሰው መድኃኒት ስትሰጥ ትውላለች። ለእኔ ምላሷን ነው ይዛ የምትመጣው።

አሁን የቀረው ባትሪ ብቻ። ሞተሩ በቤንዚን ይሠራል፤ ከመሬት የምልክለትን ትእዛዝ የሚሰማው ሬሲቨር ግን ባትሪ ይፈልጋል። ባትሪው ከሞተ አውሮፕላኑ ደንቆሮ ነው። ያምናው አውሮፕላኔም፣ ነፋስ ነው እላለሁ እኔ፣ እንደ ደንቆሮ ሆኖ ሄደ... ሪሞቱን ብነካካው ብነካካው ዝም። አፍንጫውን ደፍቶ ወረደ። ከዚያ ወዲህ አላበረርኩም።

ነገ ባትሪ እገዛለሁ። የአንድ ቀን ሥራ ነው።

የካቲት 3፣ ማክሰኞ

ሳልገዛ ተመለስኩ።

ከሰዓት ጠጋኙ አጠገብ አዲስ የተከፈተው ባትሪ ሱቅ ሄጄ ነበር። ባለሱቋ በእኔ ዕድሜ ትሆናለች። መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ መሳቢያ ለመሳቢያ ትፈልገዋለች።

"ምን ልታዘዝ?"

"የአውሮፕላን ባትሪ።"

አንገቷን አስግጋ ደጁን አየች። "አውሮፕላኑን የት አቆሙት?"

ሳቄ መጣ፤ ዋጥኩት። ለምን ዋጥኩት?

ከዚያ ጥያቄ በጥያቄ ላይ። ክንፉ ምን ያህል ነው? ሰርቮዎቹ፣ ማለት ክንፉንና ጭራውን የሚያንቀሳቅሱት ትንንሾቹ ሞተሮች፣ ጉልበታቸው እንዴት ነው? እስከ ስንት ቮልት ይችላሉ? የመጨረሻውን አላወቅኩም። "እንግዲያው አጣርተው ይምጡ። አሮጌውንም ባትሪ ይዘው ይምጡ" አለችኝ። ገዢን ከደጅ የምትመልስ ነጋዴ ገና ዛሬ አየሁ።

የካቲት 6፣ ዓርብ

አጣርቼ ሄድኩ። ሰርቮዎቹ ከሰባት ቮልት በላይ አይወዱም። አሮጌውን ባትሪም ወሰድኩ።

ለካችው። ሙሉ ነው ይላል። "አዩ፣ ጤነኛ ነው" አልኩ።

"ተኝቶ ነዋ" አለች። አንድ ትልቅ አምፖል አገናኘችበት። ቁጥሩ ቁልቁል ይንደረደር ጀመር። ያምናው የወደቀው በዚህ ነው ማለት ነው... እኔ ስንት ጊዜ በነፋሱ አመካኝቻለሁ።

"ሲያርፍ ጀግና፣ ሥራ ሲሰጡት ድካም። እንዲህ ያለ ሰውም አለ" አለች።

ማንን ነው?

አዲሶቹ ሊቲየሞች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ጉልበተኛ ነው፤ ግን ቮልቱ ስለሚበዛ በመሀል መቀነሻ ካልገባለት ሰርቮ ይበላል። ሁለተኛው ሊቲየም አይረን የሚሉት ነው፤ ረጋ ያለ፣ ያለ መቀነሻ በቀጥታ የሚገባ። "ላስብበት" ብዬ ወጣሁ።

ምኑን ነው የማስበው? ነገሩ እንደሆነ ግልጽ ነው።

የካቲት 10፣ ማክሰኞ

ስለ ሽቦ ውፍረት ልጠይቃት ሄድኩ። ስለ ሽቦ ብዙ የሚወራ ነገር አለ ለካ። ሻይ አስመጣች።

እራት ላይ ልጄ፣ "ተገዛ?"

"ገና ነው። እያጣራሁ ነው።"

"አባዬ፣ ይቺ ባትሪ ስንት ዓመቷ ነው?"

ሳህኔን ይዤ ተነሣሁ። ባትሪ ወንድ ነው።

የካቲት 12፣ ሐሙስ

ካፒቴኑ መጣ። ስሙ ነው እንጂ አውሮፕላን ተሳፍሮ አያውቅም፤ ቧንቧ ሠራተኛ ነው። ድሮ አብረን ነበር የምናበረው። "ጉልበተኛውን ግዛና ገላግለን" አለኝ። ቮልቱ ይበዛል ስለው፣ "ቢበዛ ምን አለበት? በዛ ማለት ጉልበት ነው" አለ። ቧንቧ የሚሠራ ሰው እንዲህ ሲል... ጎረቤቶቹን አምላክ ይጠብቃቸው።

ሲወጣ በሩ ላይ ቆመና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "አንተ እኮ ባትሪ ቸግሮህ አይደለም። እንደገና ይወድቅብኛል ብለህ ነው" አለ።

ተናደድኩ። ካመሸ በኋላ ግን ንዴቱ አልፎ ቃሉ ቀረ። እውነቱን ይሆን?

የካቲት 14፣ ቅዳሜ

ፀጉሬን ተስተካክዬ ሄድኩ። (ፀጉሬ አድጎ ነበር።)

የለችም። አንድ ደልዳላ ሰውዬ ወንበሯ ላይ ተንፈላስሶ በእሷ ብርጭቆ ሻይ ይጠጣል። "ዛሬ የለችም። ቤት ተኝታለች" አለኝ፣ አልጋዋን ራሱ እንዳነጠፈ ሁሉ።

ታዲያስ? ምን ጠብቄ ነበር?

"ጉልበተኛውን ሊቲየም ስጠኝ" አልኩት። መቀነሻውን ሳልጠይቅ ወጣሁ። ማን ቆሞ ከእሱ ጋር ያወራል።

የካቲት 15፣ እሑድ

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። ባትሪውን እንዳገናኘሁት የጭራው ሰርቮ አንዴ ጮኸና ጭስ ተፋ።

ልጄ ከማድ ቤት፣ "ምን ተቃጠለ?"

"ምንም።"

"ምንም እንዲህ አይሸትም።"

የካቲት 16፣ ሰኞ

ዓይኔን በጨው አጥቤ ሄድኩ። አለች። የተቃጠለውን ሰርቮ ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩላት። አነሳችና አሸተተችው።

"ይህን ባትሪ ማን ሸጠልዎት?"

"ባለቤትዎ።"

"ባለቤት አለኝ?" አለች። "ለእኔ ማንም አልነገረኝም።"

ለካ ወንድሟ ነው። ጎረቤቱ ሰዓት ጠጋኝ! ጉንፋን ይዟት ቅዳሜን ተክቷት ዋለ። "አንድ ደንበኛሽ ተቆጥቶ ባትሪ ገዝቶ ሄደ አለኝ። ምን ነበር ያስቆጣዎት?"

"ቮልቱ" አልኩ።

ይሄ መልስ ነው? እስክታስል ሳቀች። እኔም ሳቅኩ፤ ይሄኛውን አልዋጥኩትም።

ከዚያ ቁም ነገሯን ጀመረች። ሁለት ሊቲየም አይረን አወጣች። ለትልቅ አውሮፕላን አንድ ባትሪ አይታመንም፤ እያንዳንዱ በራሱ ማብሪያ፣ በራሱ ሽቦ ይገባል፤ አንዱ ቢታመም ሌላው ያሳርፋል። ሁለቱንም በአምፖሉ ፈተነቻቸው። ንቅንቅ አላሉም። ገዛሁ። ይኸው ነው፤ አለቀ።

ደስ ሊለኝ ሲገባ በሩ ጋ ስደርስ ቆምኩ። ከእንግዲህ ምን ብዬ ነው የምመጣው?

"መቼ ነው የሚያበሩት?" አለች ከኋላዬ።

"እሑድ።" እኔ አላሰብኩትም፤ አፌ ነው ያለው።

"መምጣት ይቻላል?"

የካቲት 19፣ ሐሙስ

የመንዳት ተማሪዬ መብራት ላይ፣ "መምህር፣ አረንጓዴ ከሆነ ቆየ፤ ልሂድ ወይስ?" አለችኝ። ሃያ ዓመት ሰው መንዳት ሳስተምር እንዲህ ዓይነት ውርደት...

እሑድ ነፋስ ቢኖር ጥሩ ነበር። ሰው ነፋስ አለ ብሎ ይቀራል።

የካቲት 22፣ እሑድ

ነፋስ የለም።

ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው ሜዳ ላይ ተገናኘን። ካፒቴኑ ክንፉን ገጠመ። ልጄና ባለሱቋ ገና ከመተዋወቃቸው ጭንቅላት ለጭንቅላት ገጥመው ይስቃሉ። በማን እንደሚስቁ መጠየቅ አላስፈለገኝም።

ሁለቱንም ማብሪያዎች ከፈትኩ። ጭራውና ክንፎቹ ታዘዙ። ሪሞቱን ይዤ ግን ቆምኩ። ያምናው ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ነው፤ መሬቱን ሲመታ የሰማሁት። ካፒቴኑ አየኝና ወደ ኋላ ራቅ አለ። ባለሱቋ መጥታ አጠገቤ ቆመች። አይዞዎት አይዞዎት አላለችም።

"ከወደቀ ባትሪዎቹን እቀበልዎታለሁ" አለች። "ሰርቮውን ግን አልቀበልም። እሱ የቁጣ ዕዳ ነው።"

ሞተሩን ለቀቅኩት። ሮጠ፣ ሮጠ... ተነሣ።

ተነሣ። ወደ ግራ ስለው ወደ ግራ፣ ውጣ ስለው ወጣ። ሰማዩ ላይ ሲዞር አንድም ጊዜ አልደነቆረብኝም። ልጄ መጥታ ትከሻዬን ይዛ፣ "እማዬ ኖራ ብታይህ አልቅሳ ከዚያ ትስቅብህ ነበር" አለችኝ። እውነቷን ነው። ሁለቱንም ታደርግ ነበር።

ሲያርፍ ነጠረ፤ እንደገና ነጠረ፤ አንድ ጎማው ተነቅሎ ለብቻው ተንከባለለ። ይህ የባትሪ ጥፋት አይደለም፤ የእኔ ነው። አፌን ከፍቼ ጎማውን ሳይ ባለሱቋ፣ "አንሣው እንጂ፣ ምን ቆመህ ታያለህ?" አለችኝ።

አንሣው። ያንሡት አይደለም። አንሣው።

ጎማውን ላነሣ ሮጥኩ። በዚህ ዕድሜዬ ሮጥኩ። ልጄ እንደሰማች ከፊቷ ያስታውቃል፤ እስከ ቤት ድረስ ግን አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። ምላሷ እንዲህ ማረፍ እንደሚችል አላውቅም ነበር።

የካቲት 24፣ ማክሰኞ

ከሥራ በቀጥታ ወደ ሱቁ።

"ምን ጎደለ?" አለችኝ።

"ምንም።"

"ሽቦ?"

"አለኝ።"

"ቻርጀር?"

"አለኝ።"

"ታዲያ ምን ልትገዛ መጣህ?"

መንገድ ላይ ሦስት ሰበብ አዘጋጅቼ ነበር። አንዱም አልመጣልኝም። "የምገዛው የለኝም" አልኩ። "እንዲሁ መጣሁ።"

መነጽሯን ከግንባሯ አውርዳ አደረገችና ደህና አድርጋ አየችኝ። ከዚያ ከኋላ አንድ ወንበር አውጥታ ከባንኮኒው ጀርባ፣ ከራሷ አጠገብ አስቀመጠችው።

"በል ተቀመጥ። ደንበኛ ሲገባ ግን ስለ አውሮፕላን ማውራት የለም።"

"እሺ" አልኩ። "አንቺ ካልሽ።"

ሱቁ እስኪዘጋ ተቀመጥኩ። ስለ አውሮፕላን አላወራሁም።