ቀይዋ አትታረድም

ግንቦት 3፣ ጠዋት
ዶሮዎቹን አበላሁ፣ ውኃ ቀየርኩ። ዛሬም ከቆጡ መውረድ አልፈለጉም። ግቢው ሁሉ ይስቅብኛል፤ ይሳቅ። ላንተ ግን ልንገርህ ማስታወሻዬ፣ ቤታቸውን በገዛ እጄ ነው የመረግኩት። ጭቃና እበት፣ ልክ እናቴ ደ/ብርሃን እንደምትመርገው። አንዲት ቀዳዳ የለውም። አከራዬ እትዬ ዘሀራ ምድጃ ነው የሠራሽው አሉኝ። ወሎዬ ናቸው፣ በረንዳው ላይ ሻይ ይሸጣሉ። ሻይ ሌላ፣ ዶሮ ሌላ። የደ/ብርሃን ልጅ ዶሮ ማርባት ከማንም አትማርም።

ግንቦት 5
ገብስማዋን ሞታ አገኘኋት። አፏ ተከፍቶ፣ ክንፏ ተዘርግቶ። ለእናቴ ደወልኩ። ብርድ መትቷት ነው አለች። ነፋስ ይገባል ወይ? በበሩ ሥር፣ ትንሽ አልኳት። በይ ድፈኚው። ጆንያ ደረብኩበት። ለቀሩት ሁለቱ በርበሬ በውኃ በጥብጬ ሰጠኋቸው፣ እንዲሞቃቸው።

ግንቦት 6፣ ከሰዓት
ወሰራዋም ሞተች። ከመ/ቤት ስመለስ ነው ያገኘኋት። ላወጣት እጄን ሳስገባ የቤቱ ሙቀት ፈጀኝ። በግንቦት፣ ሰመራ ላይ፣ ብርድ! እናቴ ቆላ ወርዳ አታውቅም። እኔ ግን እዚሁ ነኝ፣ ቀን ሙሉ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣብቆ ነው የሚውለው። እንዴት አላሰብኩም? ብርድ ስንፈራ ነው ያደግነው፣ እሱ ነው። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ቀይዋ ብቻ ቀረች። እሷም ታለከልካለች።

ግንቦት 7
መካሪ በዛ። በክት ከምትሆን ትታረድ ይላሉ። የቢሮ ባልደረባዬ ታደሰ ቢላዋ ልሳል ወይ አለኝ። እትዬ ዘሀራም፣ እኔ እንኳ የናንተን እርድ አልበላም ልጄ፣ ግን ነፍሷ ሳይወጣ አሳርጃት አሉ። እስላሙም ክርስቲያኑም በዚች ዶሮ ላይ ተስማማ። እኔ አልተስማማሁም።

ግንቦት 8
ግድግዳውን በመዶሻ አፈረስኩት። አሁን አራት እንጨት፣ ዙሪያውን የሽቦ መረብ፣ ከላይ ሰሌን። በነፋሱ በኩል ጆንያ አርጥቤ ሰቀልኩ። እትዬ ዘሀራ ሻያቸውን ትተው ሰሌኑን ያዙልኝ። ምድጃ ያሉኝ አሁን ገብቶኛል።
እናቴ ስትሰማ ጮኸች። ዶሮ ሜዳ ላይ? ነፋስ ላይ? በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ «እማዬ፣ አንቺ ሰመራን አታውቂያትም» አልኳት። ስልኩን ዘጋችብኝ። ትዝጋ።

ግንቦት 9፣ አመሻሽ
ቀይዋ እህል አልቀመሰችም። ውኃ ግን ጠጣች። ታደሰ ሽንኩርት ተሸክሞ መጣ፤ የምሩን ነው ለካ። ሽንኩርቱን ተቀብዬ ምስር ሠራሁለት። እያጉረመረመ በላ።
ትዳን ትሙት አላውቅም። ሁለቱን የገደልኳቸው እኔ ነኝ፣ በእናቴ ምክር፣ በራሴ እጅ። ይችን ግን ተስፋ ቆርጬ ለቢላዋ አልሰጣትም። ብትሞት እቀብራታለሁ፤ ዶሮ ቀበረች ይበሉኝ። ቬንትሌተሬን ከክፍሌ አውጥቼ ፊቷ አቆምኩት። ታደሰ በሳቅ ሊሞት ደረሰ። አንቺስ በምን ልትተኚ ነው አለኝ። በላቤ። ከዛሬ ጀምሮ ቬንትሌተሩ የሷ ነው። መብራት ከጠፋም ሰፌድ አለ፤ ቁጭ ብዬ አራግብላታለሁ።