ጥላ ያረፈባት ሶሰና

መምህር ነስሪ ሻሂን ከአባታቸው ከአቶ ሻሂን ዖዳ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ነዝሃ፣ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1948 በበረሃ ዳር በምትገኘው በማደባ ከተማ ተወለዱ። ትምህርታቸውን እዚያው ጨርሰው ከመምህራን ማሠልጠኛ ከተመረቁ በኋላ ለሠላሳ ስድስት ዓመት ሒሳብ አስተምረዋል። ይህን የሚጽፈው ታናሽ ወንድማቸው ፋይቅ በክፍላቸው ተምሮ ወድቋል፤ ወንድሜ ነው ብለው አላሳለፉትም።

እናታቸው በማርች 1971 ዐረፉ። በአገራችን መቃብር ላይ ሶሰና የሚባለውን አበባ መትከል ልማድ ነው። ጓሮ የሚበቅለው ነጩ ይበቃ ነበር። መምህር ነስሪ ግን ለእናቴ ያንሳታል ብለው አካፋ ይዘው ወደ በረሃው ወጡና፣ በዚያ አካባቢ ብቻዋን ያበበችውን ጥቁር ሶሰና ከነሥሯ ነቅለው አመጡ። ጥቁሯ ሶሰና የሰው እጅ አትወድም። የእናታቸው አርባ ሳይወጣ ደረቀች። በዓመቱ ወደ ቦታው ቢመለሱ የቆየቻቸው ጉድጓዷ ብቻ ነበረች። «ሁለቱንም ቀበርኳቸው» ብለው ለወንድማቸው የነገሩት ያን ቀን ነው።

በ1973 አሮጌ ካሜራ ገዙ። ከዚያ ወዲህ አንድም አበባ ቆርጠው አያውቁም። በየዓመቱ ጸደይ ሲገባ በመጀመሪያ ጉድጓዷን ያያሉ፤ የተረፈ ሥር ካለ ብለው ነው። ከዚያ ዝናብ የነካውን ምድር ሁሉ በጉልበታቸው እየዳሁ ያበበውን ያነሣሉ። በፎቶው ጀርባ ቀኑን ይጽፋሉ እንጂ ቦታውን አይጽፉም፤ አካፋ ያለው ሰው ብዙ ነው ይሉ ነበር። አንድ ሽማግሌ እረኛ መሬት ላይ ተደፍተው አግኝቷቸው «መምህር፣ ምን ጠፋብህ?» ቢላቸው «አበባ» አሉት። «እሱንማ ትናንት ፍየሎቼ በሉብህ!» ብሎ ሻይ አፈላላቸው።

በ1976 ከወይዘሮ ዊዳድ ጋር ጋብቻ መሥርተው ሴት ልጃቸውን ሩላን አፍርተዋል። ወይዘሮ ዊዳድ «ለሣር ሁሉ ትንበረከካለህ፤ ለእኔ የወደቀ ማንኪያ እንኳ አታነሣልኝም» እያሉ ዳቦና አይብ ይቋጥሩላቸው ነበር። ለሩላ ደግሞ ገና በልጅነቷ አንድ ነገር አጥብቀው አስተምረዋታል፦ ፎቶ ስታነሺ ጥላሽ አበባው ላይ አይረፍ።

በ2018 መጨረሻ ኩላሊታቸው ደከመ። በዚያ ክረምት ብዙ ዓመት ያልታየ ዝናብ ጣለ፤ እሳቸው ግን ከአልጋ መውረድ አልቻሉም። ማርች 28 ቀን የጉድጓዷን ቦታ ለመጀመሪያ ጊዜ ለልጃቸው ነገሯት። ሩላ ከሰዓት በኋላ ደረሰች። በጉድጓዷ አፍ ላይ ሦስት ጥቁር ሶሰናዎች አብበው ነበር። በስልኳ አንሥታ አመሻሹ ላይ አሳየቻቸው። ብዙ ጊዜ ወስደው አዩት።

«ጥላሽ ገብቶበታል። ነገ በጠዋት ሂጂና ድገሚው» አሉ።

አርባ ስምንት ዓመት ጠብቀው ነበርና፣ ሌላ ነገር ይጨምሩ ይሆናል ብለን አልጋው አጠገብ ቆየን። እሳቸው ግን ተኙ።

ሩላ እንደታዘዘችው በጠዋት ሄደች። መምህር ነስሪ በዚያው ጠዋት፣ ማርች 29 ቀን 2019፣ እሷ በረሃ ተንበርክካ ሳለች፣ በሰባ አንድ ዓመታቸው ዐረፉ። ስትመለስ ወይዘሮ ዊዳድ በር ላይ ተቀብለው «ጥላው ወጣ?» ብለው ብቻ ጠየቋት። «ወጥቷል፣ እማማ» አለች። ከዚያ ነገሯት።

ባለቤታቸው፣ ልጃቸውና ወንድማቸው በሕይወት አሉ። ከሦስቱ እስካሁን ያለቀሰ የለም። ወንድማቸውም ይህን ሲጽፍ ምንም አይሰማውም፤ እጁ ብቻ ነው የሚሠራው። ውሎ አድሮ ይመጣል ይባላል።

መምህር ነስሪ በእናታቸው አጠገብ ይቀበራሉ። የጥቁሮቹን ሶሰናዎች ቦታ ማንም ሩላን እንዳይጠይቃት፣ በመቃብራቸውም ላይ ሶሰና እንዳይተከል ቤተሰቡ በአክብሮት ይለምናል። በዚህ ወረቀት ጀርባ የታተመው ሩላ ያነሣችው የመጀመሪያው ፎቶ ነው። ጥላ የሌለበት አለን፤ እሳቸው ግን ያዩት ይህን ነው።

ከባዶ ጉድጓድ ያበቀለ አምላክ ነፍሳቸውን በእናታቸው ዘንድ ያሳርፍልን።