የልጆች እናት ፊት

ለወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህስ፣ መንትዮቹስ ደህና ናቸው? ያ የደረት ሳል ለቀቀህ ወይ? ብናደድብህም ሳልጠይቅህ አላልፍም። እኔ ጤናዬ ደህና ነው፤ ሆዴ ግን እንዳረረ ከርሟል።

ባለፈው ደብዳቤህ «ምስጥ የበላው እንጨት ነው፤ ምን ታካብጂዋለሽ» ብለኸኛል። አባባ ከአንድ ግንድ ፈልፍሎ ያወጣት፣ ሁለት ሰው ተረዳድቶ ጨፋሪው ራስ ላይ የሚያጠልቃት ጭንብል፣ ልጅ ያጡ ሴቶች የሚንበረከኩላት የልጆች እናት እንጨት ናት? ስንጥቋን ኢባዳን ከተማ ወስጄ ላስጠግን ብለህ በገዛ ልብሴ ጠቅልለህ አወጣሃት። በሩን የያዝኩልህም እኔው ነኝ። አሁን «የገዛት ፈረንጅ ሳሎኑ ውስጥ በክብር አቁሟታል» ትለኛለህ። እሷ ትጨፍራለች እንጂ ትቆማለች እንዴ?

ሽማግሌዎቹ የሰሙት ለበዓሉ አራት ወር ሲቀረው ነው። የተሰደብኩት እኔ ነኝ፤ አንተማ ሩቅ ነህ። በመጨረሻ የአባባ የሥራ ባልደረባ የነበረው አዛውንቱ ፋሱዪ አዲስ ይቅረጽ ተባለ። እጁ ከመንቀጥቀጡ የተነሳ የውሃ ጣሳ እንኳ አይዝም። ሁሉም ያውቃል፤ ግን ጭንብል መቅረጽ ለሴት ክልክል ነው፣ ከእሱ ሌላ ቀራጭ ወንድ ደግሞ አልቀረም። ግንዱ ጓሯችን መጣ፤ ዙሪያው በዘንባባ ታጠረ፤ ምግብ ከማቀርብለት ከእኔ በቀር ሴት እንዳትደርስ ተከለከለ። እኔም ምሳውን ይዤ ማለዳ እገባና ጀንበር ስታዘቀዝቅ እወጣለሁ። እንዲህ የሚረዝም ምሳ አይተህ ታውቃለህ? አባባ በሕይወት ሳለ መሮዎቹን ማን ይስልለት እንደነበር ታስታውሳለህ። አንተ ኳስ ሜዳ ነበርክ።

በበዓሉ ቀን አዲሷን ጎረቤታችን አጂቦዬ አጠለቃት። ሮጦ መጥቶ ጉብታው ላይ ሲዘል ሰው ሁሉ ትንፋሹን ዋጠ፤ ቢወድቅ ዓመቱ የመከራ ነው። ሳይንገዳገድ ቆመ። ያኔ የእማማ ባልንጀራ ሞሬኒኬ በዚያ እርጅናዋ ሰውን እየገፋች ወጣች። ቀና ብላ የጭንብሏን ፊት አየችና፣ «ይቺማ ጓደኛዬ ናት» አለች። ከዚያ በኋላ ለቅሶዋን ማን ያስቁማት።

ሴቶቹ ለፋሱዪ ዘፈኑለት። እኔም መሃላቸው ቆሜ «እጅህ ይባረክ» እያልኩ አጨበጨብኩ። መዳፌ ገና ቁስል ነበር። በማግስቱ ቤት ድረስ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ።

«ልጄ፣ ይቅር በይኝ» አለኝ። «እውነቱን ብናገር ያቃጥሏታል።»

በእሱ አልተናደድኩም። የምናደደው በአንተ ነው። ወንድ ነህ ተብሎ የአባባ ነገር ሁሉ ሳትለፋ ተሰጠህ፤ አንተ ደግሞ ሸጥከው።

ለሚቀጥለው በዓል ና። አትደበቅ፣ ፊት ለፊት ቆመህ እያት። ግራ ቅንድቧ ላይ ያለው ጠባሳ የማን እንደሆነ ለማወቅ ማንንም መጠየቅ አያስፈልግህም። ፋሱዪ ወደዚህ አገር የመጣው እማማ ከሞተች ከሦስት ዓመት በኋላ ነው፤ አንድ ቀን እንኳ አይቷት አያውቅም።

ፈጣሪ ልጆችህን ያሳድግልህ፤ ለአንተም ልብ ይስጥህ።

ታላቅ እህትህ